አሥራ አምስት ጨዋታ፣ አሥራ አምስት ድል፦ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የ2019 ዘመን

እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 7 ቀን 2019፣ ቅዳሜ ምሽት፣ በቴክሳስ ዋና ከተማ በኦስቲን። ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ እንኳ አልቀረውም። እንግዳው ቡድን የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ 37 ለ 31 ይመራል፤ ባለሜዳዎቹ ግን እየተጠጉ መጥተዋል፣ ስታዲየሙም በጩኸት ይናወጣል። ኳሷ በሉዊዚያናዎች እጅ ናት። ሦስተኛ ሙከራቸው ነው፤ 17 ያርድ ይቀራቸዋል። በቡድኑ የቀድሞ ልማድ ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የሚሆነው የታወቀ ነበር፦ ኳሷን ለሯጭ ሰጥቶ ሰዓቱን ማስበላት፣ ከዚያ በእግር አርቆ መልቀቅ፣ ከዚያም ተከላካዮቹን ተማምኖ መጠበቅ። የሉዊዚያናው ወርዋሪ ጆ ቡሮው ግን ሊጥሉት የሚመጡበትን ተከላካዮች ሸሸት ብሎ ወረወረ። የቡድን ጓደኛው ጀስቲን ጄፈርሰን ቀለባት፣ ዞረ፣ ሮጠ። 61 ያርድ ሄዶ አገባ። ጨዋታው 45 ለ 38 ተጠናቀቀ።

ስለዚህ ቡድን ምንም የማያውቅ ሰው አንድ ነገር ብቻ አሳየኝ ቢለኝ ይህችን ውርወራ ነው የማሳየው። በዚያ ዓመት የሆነው ሁሉ በእሷ ውስጥ አለ፤ ለአሥርት ዓመታት በጉልበትና በመከላከል የኖረ ቡድን በጭንቅ ሰዓት መወርወርን መረጠ። ለምን ይህ ትልቅ ነገር እንደሆነ ለመረዳት ግን በመጀመሪያ ጨዋታውን ራሱን መረዳት ያስፈልጋል።

አሜሪካን ፉትቦል በስሙ እግር ኳስ ይመስላል እንጂ ሞላላዋ ኳስ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ናት። እኔም ለብዙ ጊዜ ጎረምሶች የራስ ቁር አድርገው የሚጋጩበት ነገር አድርጌ ነበር የማየው። ጨዋታው የመሬት ክርክር መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሜዳው 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ኳስ የያዘው ቡድን አሥር ያርድ መሬት ለመያዝ አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ከያዘ አዲስ አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልያዘ ኳሷ ለተጋጣሚው ትሄዳለች። ሲያጠራጥር ሁለት እንጨት የታሰረበት ሰንሰለት ወደ ሜዳ ገብቶ ይለካል። ይህን ባየሁ ቁጥር በድሮ ዘመን ለመሬት ክፍፍል ቃላድ የሚጥሉ ሰዎች ትዝ ይሉኛል። መሬቱን እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ የወሰደ ቡድን ታችዳውን አገባ ይባላል፤ ስድስት ነጥብ ነው፣ የአንድ ወይም የሁለት ነጥብ ጭማሪ ዕድልም ያስከትላል። መስመሩ ላይ ሳይደርስ ኳሷን በእግሩ መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ያሳለፈ ሦስት ነጥብ ያገኛል።

በአራተኛው ሙከራ ኳሷን ማጣት ስለሚያስፈራ ቡድኖች ብዙውን ጊዜ በሦስቱ ሊጨርሱ ይሞክራሉ፤ ካልሆነላቸው በአራተኛው በእግር አርቀው ይለቋታል። ሦስተኛ ሙከራ ላይ 17 ያርድ መቅረት ማለት እንግዲህ ለአብዛኛው ቡድን እጅ መስጠት ማለት ነው።

በየሙከራው መጀመሪያ ኳሷን የሚቀበለውና ምን እንደሚደረግባት የሚወስነው ተጫዋች ኳርተርባክ ይባላል። ለሯጭ ሊሰጣት፣ ለተቀባይ ሊወረውራት ወይም ራሱ ይዟት ሊሮጥ ይችላል። ለመወሰን ያለው ጊዜ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው፤ በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ሊጥሉት እየሮጡ ይመጡበታል።

ሁለተኛው መረዳት ያለብን ነገር የዩኒቨርሲቲው ውድድር ነው። ልጆቻቸውን አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያስገቡ ወገኖቻችን በመኸር ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማው ለምን እንደሚጨናነቅ ያውቁታል። የባለሙያዎቹ ሊግ በዋናነት እሑድ ይጫወታል፤ ቅዳሜ የተማሪዎች ነው። በ2019 በከፍተኛው እርከን 130 ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። ተጫዋቹ አራት የውድድር ዘመን የመጫወት መብት አለው፣ ከዚያ በኋላ ይሰናበታል። በዚያን ጊዜ አንድ ቡድን ነፃ የትምህርት ዕድል መስጠት የሚችለው ለ85 ተጫዋቾች ብቻ ነበር። አሰልጣኞች ጎበዝ ልጅ ለማግኘት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ድረስ ይሄዳሉ፣ ቤት ገብተው እናትና አባትን ያሳምናሉ። ሉዊዚያና ጎበዝ ተጫዋች በብዛት የሚወጣበት ክፍለ ሀገር ነው፤ በዋና ከተማው በባተን ሩዥ የሚገኘው ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የክፍለ ሀገሩ ልጆች ሕልም ነው። ታይገር ስታዲየም የሚባለው ሜዳው 102,321 ሰው ይይዛል። ጨዋታው በምሽት ሲሆን ጩኸቱ ይበረታል፤ የሞት ሸለቆ የሚል ቅጽል ስምም ወጥቶለታል።

130 ቡድኖች እርስ በርስ መጋጠም አይችሉም። ስለዚህ በየአካባቢው በኮንፈረንስ ተቧድነው፣ አሥራ ሁለት መደበኛ ጨዋታ ያደርጋሉ። ሉዊዚያና ያለበት የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ በወቅቱ 14 ቡድኖች በሁለት ምድብ የተከፈሉበት፣ ከሁሉም ጠንካራ ተብሎ የሚታመን ነበር። የሁለቱ ምድብ አሸናፊዎች በአትላንታ ይጋጠሙ ነበር። ከዚያ 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ ከመላ አገሪቱ አራት ቡድኖችን ብቻ መርጦ ለግማሽ ፍጻሜ ያሳልፍ ነበር። ከ2024 ጀምሮ ቁጥሩ አሥራ ሁለት ሆኗል፤ በ2019 ግን አራት ብቻ ነበር። የመልስ ጨዋታ የለም፣ የነጥብ ድምር የሚያድነውም ሰው የለም። በኦክቶበር አንድ ቅዳሜ መሸነፍ የዓመቱን ድካም ሁሉ ገደል ሊከተው ይችል ነበር።

አሥራ አምስት ድል ያለ ሽንፈት ማለት እንግዲህ አሥራ ሁለቱ መደበኛ ጨዋታ፣ የኮንፈረንሱ ፍጻሜ፣ ግማሽ ፍጻሜውና ታላቁ ፍጻሜ ማለት ነው። በዘመናዊው ፉትቦል ይህን መጀመሪያ ያሳካው ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ዓመቱ 2018 ነበር። ሁለተኛው ሉዊዚያና ነው፤ ያውም ክሌምሰንን ራሱን አሸንፎ።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስ፤ የድሉ ሥር ሽንፈት ውስጥ ነውና። በጃንዋሪ 2012 ሉዊዚያና አሥራ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ኒው ኦርሊንስ በሚገኘው ሱፐርዶም ለፍጻሜ ቀረበ። ተጋጣሚው አላባማ ነበር። ውጤቱ 21 ለ 0። በስድሳ ደቂቃ ውስጥ ሉዊዚያና የያዘው መሬት 92 ያርድ ብቻ ነበር፤ የሜዳውን አጋማሽ የተሻገረው አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ ጀምሮ አላባማን ማሸነፍ አቃተው። ስምንት ጊዜ በተከታታይ ተሸነፈ። በ2016 በገዛ ሜዳው 10 ለ 0፣ በ2018ም እንዲሁ በገዛ ሜዳው 29 ለ 0። ተከላካዮቹ ከአገሪቱ ምርጦች ተርታ ነበሩ፤ የሚያገባ ጠፋ እንጂ የሚከላከል አልጠፋም። ሯጩን ወደ መሐል እየላኩ በጉልበት መግፋት የቡድኑ ሃይማኖት ሆኖ ነበር፣ አላባማ ደግሞ በጉልበት የማይገፋ ግንብ ነበር። ደጋፊው በየዓመቱ ያንኑ ግንብ በዚያው ጭንቅላት ሲመቱ አየ።

በሴፕቴምበር 2016 የቆየው አሰልጣኝ ሲሰናበት ለጊዜው ቦታውን የያዘው ኤድ ኦርዠሮን ነበር። ከባዩ ላፉርሽ ወንዝ ዳር፣ ላሮዝ ከምትባል ትንሽ ከተማ የተገኘ፣ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሉዊዚያና ቤተሰብ የተወለደ፣ ድምፁ እንደ ወፍጮ የሚጎረብጥ ሰው። በወጣትነቱ ለዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሊጫወት ገብቶ ብዙ ሳይቆይ ጥሎ ወጥቷል። በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ከ2005 እስከ 2007 ዋና አሰልጣኝ ሆኖ 10 ጊዜ አሸንፎ 25 ጊዜ ተሸንፎ ተባረረ። በ2013 በካሊፎርኒያ ቡድን ተረክቦ ከስምንት ጨዋታ ስድስቱን ቢያሸንፍም ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። በባተን ሩዥ ቋሚ ሆኖ ሲሾም ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ነበር። በ2017 ደግሞ ከማይታወቀው ትሮይ ዩኒቨርሲቲ ጋር በገዛ ሜዳው ተጫውቶ 24 ለ 21 ተሸነፈ።

ይህ ሰው ያደረገው ነገር በእኔ እምነት ከዓመቱ ድሎች ሁሉ የሚቀድም ነው። ሙያው የተከላካይ መስመር ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ሰው መጣልን ያስተማረ ሰው ነው። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ሆኖ ግን የማጥቃት ዘዴያችን አርጅቷል፣ እኔም አላውቅበትም፣ የሚያውቅ እንፈልግ አለ። በ2019 መጀመሪያ ላይ ከኒው ኦርሊንስ ሴንትስ የባለሙያ ቡድን ጆ ብሬዲ የተባለ የ29 ዓመት ረዳት አመጣ። ብሬዲ በዚህ ደረጃ ኃላፊነት ኖሮት አያውቅም ነበር። ነባሩ የማጥቃት አሰልጣኝ ስቲቭ ኤንስሚንገር ከ30 ዓመት የሚያንሰው ልጅ አጠገቡ ሲቀመጥ አላኮረፈም፤ ጨዋታ የመምራቱ ሥራ በእጁ ቆየ፣ የውርወራውን ዕቅድ ግን አብረው ሠሩት። ሽማግሌው ከወጣቱ፣ ወጣቱ ከሽማግሌው ሲማር ማየት በየትኛውም መሥሪያ ቤት ብርቅ ነው።

ሦስተኛው ሰው ኳርተርባኩ ነው። ጆ ቡሮው ያደገው በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ደቡብ ምሥራቅ፣ በአተንስ ካውንቲ ነው። በክፍለ ሀገሩ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ኦሃዮ ስቴት ሦስት ዓመት ተቀምጦ ቋሚ መሆን አልቻለም። ዲግሪውን በሦስት ዓመት ስለጨረሰ ደንቡ ያለ ቅጣት ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ እንዲዛወርና ወዲያው እንዲጫወት ፈቀደለት፤ በ2018 ወደ ባተን ሩዥ ሄደ። የመጀመሪያ ዓመቱ ደህና ነበር፤ ከዚያ ያለፈ አልነበረም። አሥራ ስድስት ታችዳውን ወረወረ። አባቱ ጂሚ ቡሮው ለረጅም ዓመታት የተከላካይ አሰልጣኝ ነበሩ፤ ከ2018 ዘመን በኋላ ሥራቸውን ያቆሙት የልጃቸውን የመጨረሻ ዓመት በስታዲየም ተገኝተው ለማየት ነው። ልጁ ያደገው ስለ መከላከል ሲወራ እየሰማ ነው። ይህ በኋላ ምን ያህል እንደጠቀመው እናያለን።

አሁን ዘዴው። ይህን ክፍል ቀስ ብዬ ልግለጸው፤ ዋናው ምሥጢር እዚህ ነው።

እያንዳንዱ ቡድን አሥራ አንድ ሰው ያሰልፋል። በአጥቂው ወገን አምስቱ የፊት መስመር ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸው ለኳርተርባኩ ግንብ መሆን ነው፣ ውርወራ መቀበል አይፈቀድላቸውም። ኳርተርባኩ ራሱ ስድስተኛ ነው። የቀሩት አምስቱ ኳስ መቀበል ይችላሉ። በአሮጌው ዘዴ ከእነዚህ አምስቱ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ከግንቡ አጠገብ ተጠግተው ይቆማሉ፤ አንዳንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይሮጣል። ተከላካዮችም እንዲሁ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ሜዳው 49 ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረውም ጦርነቱ የሚካሄደው መሐል ላይ በጥቂት ሜትር ውስጥ ነው። እዚያ የሚያሸንፈው የከበደው ነው፤ ከአላባማ የሚከብድ ደግሞ አልነበረም።

የብሬዲና የኤንስሚንገር ዕቅድ አምስቱንም በትኖ መላክ ነበር። ሁለት በዚህ ዳር፣ ሁለት በዚያ ዳር፣ ሯጩም ሳይቀር እንደ ተቀባይ ይወጣል። ተከላካዮቹ ምን ያድርጉ? ተከትለዋቸው ከተበተኑ መሐሉ ባዶ ይቀራል፤ ሯጩ ይገባበታል። መሐሉን ልጠብቅ ካሉ ዳር ላይ ያለው ፈጣን ተቀባይ ከአንድ ጠባቂ ጋር ብቻውን ይቀራል። ወደ ኋላ ልራቅ ካሉ በአጭር ውርወራ ስድስት ስድስት ያርድ ይበሉባቸዋል። ሁሉንም መሸፈን አይቻልም፤ ሰፊ እርሻ በጥቂት ጠባቂ እንደማይጠበቅ ሁሉ። የኳርተርባኩ ሥራ የትኛው ማሳ ሳይጠበቅ እንደቀረ አይቶ ኳሷን ወደዚያ መላክ ብቻ ነው።

ብቻ አልኩ እንጂ ከባዱ ይህ ነው። አምስቱም ሲወጡ ለኳርተርባኩ የሚቀሩለት ጠባቂዎች አምስት ናቸው። ተጋጣሚው ስድስት ሰው ከላከ አንዱ ሳይነካ ይደርሳል። ስለዚህ ኳርተርባኩ ኳሷን ከመቀበሉ በፊት የተከላካዮቹን አቋቋም አንብቦ ማን ሊመጣበት እንደሆነ፣ እሱ የለቀቀው ቦታ የት እንደሆነ ማወቅ አለበት። ተከላካዮች ደግሞ ያታልላሉ፤ መጣሁ ብለው ይቀራሉ፣ ቀረሁ ብለው ይመጣሉ። የተከላካይ አሰልጣኝ ልጅ የሆነው ቡሮው የሚበልጠው እዚህ ነበር። ክንዱ ከሌሎች የተለየ ጠንካራ አልነበረም፤ ዓይኑና ትዕግሥቱ ግን የሌላ ሰው አልነበሩም። በዚያ ዓመት ከወረወራቸው ውስጥ 76.3 በመቶው ተቀባይ እጅ ገቡ። 5,671 ያርድና 60 ታችዳውን ወረወረ፤ ስድሳው በወቅቱ የከፍተኛው እርከን ክብረ ወሰን ነበር። ተጋጣሚ የቀማው ስድስት ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት 16፣ በዚህ ዓመት 60፤ ሰውየው ያው ነው፣ የተለወጠው የሚጠየቀው ጥያቄ ነው።

የሚቀበሉትም ተራ ሰዎች አልነበሩም። ከኒው ኦርሊንስ አካባቢ የመጣው ጃማር ቼዝ 1,780 ያርድና 20 ታችዳውን አስመዝግቦ የአገሪቱ ምርጥ ተቀባይ ተባለ። በቴክሳሷ ምሽት ያየነው ጄፈርሰን 111 ኳሶችን ቀለበ። የባተን ሩዡ ልጅ፣ ሯጩ ክላይድ ኤድዋርድስ ሄሌር ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ገደማ ነው፤ በዚህ ጨዋታ ሕፃን ያስመስላል፣ ግን ተከላካዮች ከግዙፎቹ ጀርባ እስኪያገኙት ድረስ አልፏቸው ይሄዳል። 1,414 ያርድ ሮጠ። የፊት መስመሩ አምስት ሰዎችም በአገር ደረጃ የምርጥ መስመር ሽልማት አገኙ፤ እነሱ ባይኖሩ ሌላው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር።

የዘመኑ መጀመሪያ ለደጋፊው ሕልም ይመስል ነበር። 55 ለ 3፣ 65 ለ 14፣ 66 ለ 38። በኦክቶበር 12 ፍሎሪዳን 42 ለ 28 አሸነፉ። እውነተኛው ፈተና የመጣው በኦክቶበር 26 ከአላባማ ጎረቤት ከኦበርን ነው። የኦበርን አሰልጣኞች ዘዴውን አጥንተው መልስ ይዘው መጡ፦ ኳርተርባኩን እንዲያስጨንቁ ሦስት ግዙፎችን ብቻ ፊት አቁመው የቀሩትን ወደ ኋላ አዛወሩ። እርሻው ጠባቂ በዛበት። እስከ እረፍት 10 ለ 10 ነበሩ። ሉዊዚያና መልሶ መልሱን አገኘ፤ ፊት ለፊት የቆሙት ካነሱ መሮጥ ነው። ኤድዋርድስ ሄሌር 136 ያርድ ሮጠ፣ 23 ለ 20 አለቀ። ከዓመቱ ሁሉ ያነሰ ነጥብ ያስቆጠሩበት ጨዋታ ነው፤ እኔ ግን ከትልልቆቹ ድሎች አስበልጬ አደንቀዋለሁ። አንድ ዘዴ ብቻ ያለው ቡድን ያን ቀን ይሸነፍ ነበር።

ከዚያ ኖቬምበር 9። አላባማ፣ በአላባማ ሜዳ፣ ከተማዋ ተስከሉሳ። ሁለቱም እስከዚያ ቀን አልተሸነፉም። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሳይቀር ስታዲየም ነበሩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ጥርሱን ነክሶ የቆየው ሉዊዚያና በመጀመሪያው አጋማሽ 33 ለ 13 መራ። አላባማ እንደ አላባማ ተመለሰ፤ ልዩነቱ ወደ ስድስት ነጥብ ወረደ። የቀድሞው ሉዊዚያና እዚህ ላይ ይንበረከክ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን አጠር ያለው ሯጭ ኳስ በተሰጠው ቁጥር ሦስት አራት ሰው አንጠልጥሎ ወደ ፊት ሄደ። ያን ቀን ብቻውን አራት ታችዳውን አገባ። 46 ለ 41። ስምንት ዓመት የታሰረ እንባ በዚያ ምሽት ባተን ሩዥ ላይ ፈሰሰ ብል አላጋነንኩም።

ቡድኑ እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። መከላከሉ በዓመቱ አጋማሽ ያሳፍር ነበር፤ ከአላባማ በኋላ በነበረው ሳምንት የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ ብቻውን ከ200 ያርድ በላይ ሮጦባቸዋል፣ 58 ለ 37 ቢያሸንፉም። የተከላካይ አሰልጣኙ ዴቭ አራንዳ ቁስለኞቹ ሲያገግሙ ነገሩን አስተካከለው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ50 ለ 7፣ በኮንፈረንሱ ፍጻሜ ጆርጂያ በ37 ለ 10 ተሸነፉ።

በዲሴምበር 14 ቡሮው የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚባልበትን የሃይዝማን ሽልማት ተቀበለ፤ ከሉዊዚያና ስቴት ከ1959 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። መድረክ ላይ ቆሞ ስላደገበት አካባቢ ድህነት ተናገረ፤ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሲመለሱ ገበታቸው ላይ ብዙ ምግብ ስለማይጠብቃቸው የአተንስ ካውንቲ ልጆች። እንባ እየተናነቀው ነበር። ንግግሩን የሰሙ ሰዎች ለአካባቢው የምግብ ዕርዳታ ማዕከል በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ500,000 ዶላር በላይ ላኩ።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘብ ያለኝን ልናገር። በ2019 ክረምት ዩኒቨርሲቲው የፉትቦል ተጫዋቾቹን ማረፊያና ማሠልጠኛ 28 ሚሊዮን ዶላር በፈጀ ሥራ አድሶ አስመረቀ፤ ገንዘቡ ከለጋሾች የተሰበሰበ ነው። ዋናው አሰልጣኝ በየዓመቱ ሚሊዮኖች ይከፈለው ነበር። መቶ ሺህ ሰው ትኬት ገዝቶ የሚመለከታቸው ልጆች ግን በደንቡ መሠረት ከትምህርት ክፍያና ከኑሮ ወጪ በላይ በስማቸው አንድ ዶላር መቀበል አይችሉም ነበር። በስማቸውና በምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ የተፈቀደው በጁላይ 2021 ነው። ይህ ቡድን ያ ደንብ ከመለወጡ በፊት ከተጫወቱት የመጨረሻዎቹ ታላላቅ ቡድኖች አንዱ ነው። ድሉን ባደንቅም ያ አሠራር ፍትሐዊ ነበር ለማለት አልችልም።

ግማሽ ፍጻሜው ዲሴምበር 28 በአትላንታ ከኦክላሆማ ጋር ነበር። በዚያው ጠዋት የኤንስሚንገር የልጁ ሚስት በሉዊዚያና በአውሮፕላን አደጋ ሕይወቷ አለፈ። ሰውየው መርዶውን የሰማው ስታዲየም ከደረሰ በኋላ ነው። ከቦታው አልተነሣም፤ ዓይኑን እየጠረገ ጨዋታውን መራ። ቡሮው በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሰባት ታችዳውን ወረወረ፣ አራቱ ለጄፈርሰን ነበሩ። ውጤቱ 63 ለ 28 ነው፤ እኔ ግን ያን ጨዋታ ሳስብ የምትታየኝ በዚያ የደስታ ጩኸት መሐል የነበረች አንዲት ዝምተኛ ወንበር ናት።

ጃንዋሪ 13 ቀን 2020፣ ሱፐርዶም። ያው በ2012 አላባማ ያዋረዳቸው አዳራሽ። ክሌምሰን 29 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነው የመጣው። ወዲያው 17 ለ 7 መራ፤ ሉዊዚያና በዓመቱ በዚህን ያህል ልዩነት ሲቀደም አልታየም ነበር። በዚህ ጊዜ ክሌምሰኖች ቼዝን በአንድ ጠባቂ ብቻ ለመያዝ መምረጣቸውን ቡሮው አየ። ያልተጠበቀችውን ማሳ አገኛት። ቼዝ ዘጠኝ ኳስ ቀልቦ 221 ያርድ ወሰደ። ከእረፍት በፊት ሉዊዚያና ሦስት ጊዜ በተከታታይ አግብቶ 28 ለ 17 ወጣ። ቡሮው 463 ያርድና አምስት ታችዳውን ወርውሮ አንዱን ራሱ ሮጦ አገባ። 42 ለ 25። በዓመቱ ያስቆጠሩት ነጥብ ድምር 726 ደረሰ፤ በከፍተኛው እርከን በአንድ ዘመን ይህን ያህል ያገባ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። ሲያሸንፏቸው በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ተርታ የነበሩ ተጋጣሚዎች ሰባት ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ጠባይ ነው። የባለሙያው ሊግ ቡድኖች በኤፕሪል 2020 አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ ከዚህ አንድ ቡድን 14 ወሰዱ፤ ቡሮው ከሁሉም አንደኛ ሆኖ ወደ ሲንሲናቲ ቡድን ሄደ። ብሬዲ ወደ ባለሙያዎቹ ሊግ ተመለሰ፣ አራንዳ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ቼዝ ቀጣዩን ዘመን ላለመጫወት ወሰነ። የ2020 የመጀመሪያ ጨዋታ በገዛ ሜዳቸው ነበር፤ ሚሲሲፒ ስቴት 44 ለ 34 አሸነፋቸው። ዓመቱን አምስት አሸንፈው አምስት ተሸንፈው ጨረሱ። ኦርዠሮንም ከ2021 ዘመን በኋላ ተሰናበተ፤ ዋንጫውን ካነሣ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር።

በኤፕሪል 2021 ሲንሲናቲ አምስተኛ ሆኖ የመምረጥ ተራ ደረሰው። አብዛኛው ተንታኝ ለቡሮው ከፊት የሚከላከልለት ግዙፍ ሰው እንዲወስዱ ይመክር ነበር፤ ባለፈው ዓመት ጉልበቱ ክፉኛ ተጎድቶ ነበርና። ቡድኑ ቼዝን መረጠ። ሁለቱ በባተን ሩዥ ከተለያዩ ከዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። በዚያው ዘመን ሲንሲናቲን ይዘው ወደ ባለሙያው ሊግ ታላቅ ፍጻሜ፣ ወደ ሱፐር ቦውል ገቡ።